በላስታ ደጋ ላይ ለዓሣዎች አየር ማደል

እንበልና በላሊበላ ከተማ በአንድ የትምህርት ቤት ክፍል ውስጥ ሦስት የመስታወት የዓሣ ገንዳዎች ተደርድረዋል። የመጀመሪያው ገንዳ የውኃው ጥልቀት 20 ሴንቲ ሜትር ነው፤ የሁለተኛው 35፥ የሦስተኛው ደግሞ 50። ለሦስቱም አየር የሚነፋው አንድ ትንሽ የኤሌክትሪክ ፓምፕ ነው። ማታ በሩን ቆልፈው ሲወጡ ፓምፑ ያንጎራጉራል፤ በመጀመሪያው ገንዳ ውስጥም አረፋው ይንፈቀፈቃል። ጠዋት ሲመለሱ ግን በጥልቁ ገንዳ የነበሩት ዓሦች ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ተንሳፈው ያገኟቸዋል። ፓምፑ አልቆመም፤ መብራቱም አልጠፋም፤ ውኃውም ትናንት የተለወጠ ነው። ታዲያ ማንን ይከሳሉ?

ብዙ ሰው ወዲያው ፓምፑን ይከሳል። «አቅም የለውም» ይልና የሚበልጥ ገዝተው እንዲልኩለት ወደ አዲስ አበባ ይጽፋል። የሚበልጠውም ፓምፕ መጥቶ በዚያው ቱቦ ላይ ቢሰካ፥ በመጀመሪያው ገንዳ ውስጥ ያለው አረፋ ከመጨመር በቀር ጥልቁ ገንዳ የሚያገኘው ነገር ጥቂት ነው። ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የአየር ማነስ ሳይሆን የአከፋፈሉ ጉድለት ነውና። ይሁን እንጂ ይህ ጉድለት በጅቡቲ ወደብ ላይ ምናልባት ይቅር የሚባል ሆኖ ሳለ በላስታ ደጋ ላይ ለምን እንደሚገድል ለማወቅ፥ አስቀድመን ስለ ከፍታ ጥቂት መናገር ያስፈልገናል።

አየርም ክብደት አለው

እኛ ሰዎች በአየር ባሕር ግርጌ የምንኖር ፍጥረቶች ነን። ከላያችን ያለው አየር ሁሉ ይጫነናል፤ ወደ ተራራ በወጣን ቁጥር ግን ከላያችን የሚቀረው አየር ስለሚያንስ ጭነቱም እየቀለለ ይሄዳል። ይህን በሥራ ያስፈተነው የፈረንሳዩ ሊቅ ብሌዝ ፓስካል ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1648 ዓ.ም. የእኅቱ ባል ፔሪዬ በፓስካል ምክር የሜርኩሪ መለኪያ ይዞ ፒዊ ደ ዶም የሚባለውን ተራራ ወጣ። በተራራው ጫፍ ላይ ሲለካውም የሜርኩሪው ቁመት በግርጌ ከነበረው ከ8 ሴንቲ ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ ተገኘ።

እንግዲህ ፔሪዬ ያንን መለኪያ ይዞ ወደ ላስታ ቢመጣ ኖሮ ከዚያ የበለጠ ይደነቅ ነበር። ላሊበላ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። በባሕር ወለል ላይ 760 ሚሊ ሜትር የሚቆመው ሜርኩሪ በላሊበላ የሚቆመው በ560 ገደማ ነው፤ ይኸውም የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ አራት እጅ ሦስት እጁ ያህል ነው ማለት ነው። ከከተማዋ በላይ በሚታየው በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ጫፍ ላይ፥ ከ4,200 ሜትር በላይ፥ 60 በመቶ ያህል ብቻ ይቀራል። የላስታ እናቶች ይህን ያለ ሜርኩሪ ያውቁታል። የባቄላው ንፍሮ በቆላ ቶሎ ይበስላል፤ በደጋ ግን እንጨት ይፈጃል። በባሕር ወለል በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውኃ ላሊበላ ላይ በ92 ገደማ ስለሚፈላ፥ ድስቱ ቢንተከተክም ሙቀቱ ያንሳል።

ዓሣ ምን ይተነፍሳል?

ዓሣ የሚተነፍሰው ውኃውን ራሱን ሳይሆን በውኃው ውስጥ የሟሟውን ኦክሲጅን ነው። ይህም ኦክሲጅን ከአየር ወደ ውኃው የሚገባው በአየሩ ግፊት ልክ ነው። ሙቀቱ 20 ዲግሪ የሆነ ንጹሕ ውኃ በባሕር ወለል ላይ በአንድ ሊትር እስከ 9.1 ሚሊ ግራም ኦክሲጅን ይይዛል፤ ያው ውኃ ላሊበላ ላይ የሚይዘው 6.7 ያህል ነው። ከ5 ሚሊ ግራም በታች ሲወርድ ብዙ ዓይነት ዓሦች መጨነቅ ይጀምራሉ። ስለዚህ ሒሳቡን እስቲ ይሥሩት። በወደብ ከተማ ዓሣ የሚያረባው ሰው እስከ አደጋው ወሰን ድረስ ከ4 ሚሊ ግራም በላይ ትርፍ አለው፤ የላሊበላው ሰው ትርፍ ግን 1.7 ብቻ ነው። የላስታ ሌሊት ቀዝቃዛ ስለሆነ ደግሞ ባለ ገንዳው ውኃውን ወደ 26 ዲግሪ ቢያሞቀው፥ ሙቅ ውኃ ከቀዝቃዛው ያነሰ ኦክሲጅን ይይዛልና ልኩ ወደ 6 ይወርዳል፤ ትርፉም 1 ብቻ ይሆናል። ሌላው አገር የሚያባክነውን ላስታ ቆጥሮ ማደል አለበት የምንለው ስለዚህ ነው።

ሌሊት ለምን ይከፋል? ይህን ለመረዳት በቤተ ማርያም ቅጥር ግቢ ከዓለቱ ተፈልፍሎ የተሠራውን ኩሬ ማሰብ ይበቃል። በገና ሰሞን ልጅ የሚመኙ ሴቶች የሚጠመቁበት ይህ ኩሬ ፊቱ አረንጓዴ የሚሆንበት ጊዜ አለ። አረንጓዴ ተክል በቀን በፀሐይ ብርሃን ኦክሲጅን ይሰጣል፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ግን መስጠቱን ትቶ እንደ ማንኛውም ሕያው ነገር ኦክሲጅን ይወስዳል። በዓሣ ገንዳ ውስጥም ቅጠሉ፥ ዓሣው፥ የተረፈው ምግብና በዓይን የማይታዩት ረቂቅ ሕዋሳት ሁሉ ሌሊቱን ከአንዲት ጓዳ ሲበሉ ያድራሉ። ጓዳው የሚራቆተው ሊነጋ ሲል ነው። ዓሣዎ በማለዳ አፉን ከውኃው ፊት ላይ እያወጣ ሲጋት ካዩት፥ መጫወቱ ሳይሆን አቤቱታ ማቅረቡ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስሕተት እናርም። ከአረፋው ወደ ውኃው በቀጥታ የሚገባው ኦክሲጅን ጥቂት ነው። የአረፋው ዋና ሥራ ከታች ያለውን አየር ያጣ ውኃ ወደ ላይ ማውጣትና የውኃውን ፊት ማነቃነቅ ነው፤ ውኃው የሚተነፍሰው በፊቱ በኩል ነውና። ስለዚህ ገንዳው ጥልቅና አፈ ጠባብ በሆነ መጠን አረፋው ይበልጥ ያስፈልገዋል። የዕድል ነገር ሆኖ ግን አየር መሄድ የማይወደው ወደዚያው ወደ ጥልቁ ገንዳ ነው።

የወናፍ የልጅ ልጅ

የዓሣ ገንዳ ፓምፕ አዲስ ነገር ይምሰል እንጂ የወናፍ የልጅ ልጅ ነው። የአገራችን አንጥረኛ ሁለት የቆዳ ወናፎችን በሁለት እጁ ይዞ አንዱን ሲጫን ሌላውን ያነሣል፤ በዚህም እሳቱ ሳያቋርጥ አየር ያገኛል። በፓምፑ ውስጥ የቆዳውን ቦታ ስስ ጎማ፥ የአንጥረኛውን እጅ ቦታ ደግሞ ማግኔት ይዘዋል። የአገራችን ኤሌክትሪክ በሴኮንድ 50 ጊዜ ስለሚመላለስ ማግኔቱም በዚያው ልክ ወዲያና ወዲህ እየተንቀጠቀጠ ጎማውን ይገፋል፤ ይስባል። የምንሰማው ጉርምርምታ የዚህ ድምፅ ነው።

ስለ ፓምፕ ሲነገር ሁለት ነገሮች ይደባለቃሉ፤ መጠንና ግፊት። መጠን ማለት ፓምፑ በአንድ ደቂቃ ስንት ሊትር አየር ይሰጣል ማለት ነው። ግፊት ማለት ግን ያንን አየር ስንት ሴንቲ ሜትር ውኃ ፈንቅሎ ለማውጣት ይችላል ማለት ነው። አየሩ በ50 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት እንዲወጣ ከተፈለገ የ50 ሴንቲ ሜትር ውኃ ግፊትን ማሸነፍ አለበት፤ አረፋውን የሚያደቅቀው የአየር ድንጋይም በበኩሉ ጥቂት ይጨምርበታል። የውኃው ግፊት ላሊበላም ሆነ ጅቡቲ ያው ነው፤ ከፍታ አይለውጠውም። የሚለወጠው የአየሩ ፍሬ ነው። በወደብ ሦስት ሊትር አየር የሚያመጣውን ኦክሲጅን ለማምጣት በላሊበላ አራት ሊትር ያስፈልጋል። የፓምፑም የመግፋት ኃይል በስስ አየር ውስጥ ሊቀንስ ይችላልና፥ በካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ሳይፈትኑ አይመኑት።

መፈተኑ ቀላል ነው። አንድ በርሜል ውኃ ይሙሉ፤ የፓምፑን ቱቦ ያለ አየር ድንጋይ ቀስ በቀስ ወደ ታች ይስደዱት። አረፋው የሚቆምበት ጥልቀት የፓምፑ የመጨረሻ ግፊት ነው፤ በርሜሉ እስከ ታች ድረስ አረፋ ከሰጠ ደግሞ ለገንዳዎችዎ ይበቃል ማለት ነው። ፍተሻውን አያስረዝሙት፤ ሲታፈን ጎማው ይጎዳልና። በዚህ መለኪያ እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ብቻ የሚደርስ ፓምፕ ለ50 ሴንቲ ሜትር ገንዳ አይበቃም ብለው ይወስኑ፤ ድንጋዩ ሲቆሽሽ የሚያልፍለት ነገር አይኖርምና።

የአየር አባት

አሁን ወደ ሦስቱ ገንዳዎቻችን እንመለስ። ከፓምፑ የወጣው አየር በአንድ ቱቦ መጥቶ ወደ ሦስት ቅርንጫፍ ይከፈላል። ሦስቱም መንገዶች ክፍት ከሆኑ አየሩ ወዴት ይሄዳል? ወደ ቀላሉ። የመጀመሪያው ገንዳ የሚጠይቀው የ20 ሴንቲ ሜትር ግፊት ብቻ ስለሆነ አየሩ ሁሉ በዚያ ይወጣል፤ በዋናው ቱቦ ውስጥ ያለው ግፊትም ከዚያ ብዙ ከፍ ሊል አይችልም። የ50 ሴንቲ ሜትሩ ገንዳ በር ላይ 20 ይዞ የመጣ አየር ተቀባይ አያገኝም። ዓሦቹ የሞቱበት ምሥጢር ይኸው ነው።

በወሎ የመስኖ ውኃ የሚጠጡ ማሳዎች ያሉበትን አገር ያየ ሰው ይህን ችግር አስቀድሞ ያውቀዋል። ከቦዩ ራስ አጠገብ ያለው ማሳ ውኃውን ሁሉ ቢጠጣ ከግርጌ ያለው ይደርቃል። ስለዚህ አርሶ አደሩ «የውኃ አባት» ይሾማል፤ እርሱም የላይኛውን ቦይ ጥቂት ደፈን አድርጎ ለታችኛው ያደርሳል። ውኃ አይጨምርም፤ ያለውን ያዳርሳል እንጂ። ለገንዳዎችም የሚያስፈልገው እንዲህ ያለ የአየር አባት ነው። ሥራውም የሚከተለው ነው።

በመጀመሪያ ለእያንዳንዱ ቅርንጫፍ ልኩን የሚቀንስና የሚጨምር ትንሽ መዝጊያ ይግጠሙ። ከዚያም ሁሉንም መዝጊያ እስከ መጨረሻው ይክፈቱ። የጥልቁን ገንዳ መዝጊያ ከዚህ በኋላ አይንኩት፤ ሁልጊዜ ክፍት ይሁን። የመጀመሪያውን፥ ማለት የ20 ሴንቲ ሜትሩን፥ በጣም በቀስታ ይዝጉት። ጥቂት እንደ ዘጉ በዋናው ቱቦ ውስጥ ያለው ግፊት ከፍ ይልና ሁለተኛው ገንዳ ማንፈቅፈቅ ይጀምራል። አሁንም ሁለቱን በየተራ ጥቂት በጥቂት ይቀንሱ። በመጨረሻ ጥልቁ ገንዳ ይነሣል። ሦስቱም እኩል ሲንፈቀፈቁ እጅዎን ያንሡ፤ መዝጊያዎቹ ያሉበትን ቦታም በቀለም ምልክት ያድርጉበት።

ዓይንዎን ብቻ ማመን ካልፈለጉ የግፊት መለኪያ በጥቂት ሳንቲም ይሠራል። ሕክምና ቤት ለጉሉኮስ እንደሚጠቀምበት ያለ ስስና የሚያሳይ ቱቦ አግኝተው 1 ሜትር ከግማሽ በሚሆን ሳንቃ ላይ እንደ ቀለበት ግማሽ አጥፈው ይቸንክሩት፤ እስከ እኩሌታው ድረስም በሻይ የቀላ ውኃ ይጨምሩበት። አንዱን ጫፍ ከዋናው ቱቦ ጋር ያገናኙት፤ ሌላውን ክፍት ይተዉት። ውኃው በአንዱ በኩል ወርዶ በሌላው በኩል ይወጣል። በሁለቱ መካከል ያለውን የቁመት ልዩነት በማስመሪያ ይለኩት፤ የገንዳዎችዎ የአየር ግፊት በሴንቲ ሜትር ውኃ ያ ነው። በእኛ ምሳሌ ከ50 ጥቂት ከፍ ብሎ መገኘት አለበት። በሳምንታት ውስጥ ቁጥሩ እየጨመረ ከሄደ ድንጋዮቹ እየተደፈኑ ነው፤ በድንገት ከወረደ ደግሞ ቱቦ ተነቅሏል ወይም ጎማው ተቀዷል። ፓስካል በተራራ ላይ ያደረገውን እርስዎ በክፍልዎ ውስጥ ደገሙት ማለት ነው።

ሳይርቅ በቅርቡ፥ ሳይደርቅ በርጥቡ

ገንዳዎቹ ከሦስት ወደ ስድስት ወይም ወደ አሥር ሲበዙ ቀጭኑን ቱቦ ደጋግሞ መሰንጠቅ አይበቃም። 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው የፕላስቲክ ቧንቧ በመደርደሪያው ዙሪያ ዘርግተው ሁለቱን ጫፎች እንደ ቀለበት ያጋጥሙ፤ ቅርንጫፎቹን ሁሉ ከዚያ ያውጡ። ሰፊው ቧንቧ እንደ ጎተራ ሆኖ አየሩን ያጠራቅማል፤ ቀለበቱም የሩቁን ገንዳ ከቅርቡ ጋር ያስተካክለዋል።

ፓምፑን ፈጽሞ አይነቁት። የሁሉንም ገንዳ መዝጊያ ቢያጠቡና አየሩ መውጫ ቢያጣ ፓምፑ ይግላል፤ ስስ ጎማውም ቶሎ ይቀደዳል። ትርፍ አየር ካለ አንድ ተጨማሪ ቅርንጫፍ ከፍተው ወደ ውጭ ያስወጡት ወይም ሌላ ድንጋይ ይጨምሩበት። የአየር ድንጋዩንም ከጊዜ ወደ ጊዜ አውጥተው በውኃ በቀጠነ በረኪና ይዘፍዝፉት፤ ከዚያ በብዙ ውኃ አጥበው በፀሐይ ሳይደርቅ አይመልሱት።

ፓምፑን ከውኃው ፊት ከፍ ባለ ቦታ ያስቀምጡት። ዝቅ ብሎ ከተቀመጠ፥ መብራት በጠፋ ጊዜ ውኃው በቱቦው ተስቦ ወደ ፓምፑ ይወርዳል፤ ገንዳውን ያጎድላል፤ ከኤሌክትሪክም ጋር ተገናኝቶ አደጋ ያመጣል። ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ ካልተቻለ አየርን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ መዝጊያ በቱቦው መካከል መግጠም ግዴታ ነው።

ፓምፑ የሚምገው የክፍሉን አየር መሆኑንም አይርሱ። የከሰል ጭስ፥ የዕጣን ጢስ፥ ለትንኝ የተረጨ መድኃኒት፥ ሁሉም በቀጥታ ወደ ዓሣው ቤት ይገባል። በላስታ ሌሊት የውጭውን ብርድ የሚምግ ፓምፕም ውኃውን ሲያቀዘቅዝ ያድራል፤ እንደ ቆሮሶ ላሉት የሙቅ ውኃ ዓሦች ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

መብራት ሲጠፋስ? ዓሦቹን አይመግቡ፤ የበላ ዓሣ ይበልጥ ይተነፍሳልና። በጣሳ ውኃ እየቀዱ ከፍ አድርገው ወደዚያው ገንዳ መልሰው ያፍስሱ፤ በየጥቂት ደቂቃው ቢደጋገም ነፍስ ያድናል። የብስክሌት መንፊያ ከዋናው ቧንቧ ጋር አገናኝቶ በዝግታ መንፋትም ይቻላል። ከሁሉ የሚሻለው ግን አስቀድሞ በገንዳው ውስጥ ያሉትን ዓሦች ቁጥር መቀነስ ነው። ለ10 ዓሣ የሚበቃ አየር ለ30 ሲካፈል የትኛውም የአየር አባት አይችለውም።

ይህ ሁሉ ድካም ለምን?

«የመስታወት ገንዳ የሀብታም ጨዋታ አይደለምን?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1853 ዓ.ም. በሎንዶን የአራዊት መጠበቂያ ውስጥ የዓሣ ቤት ለሕዝብ በተከፈተ ጊዜ በእርግጥ መደነቂያ ነበረ። ዛሬ ግን ገንዳ የሥራ ዕቃ ነው። በሰበታ ባለው የዓሣ ምርምር ማዕከልም ሆነ በባሕር ዳር ዓሣን የሚመረምሩ ሰዎች ዓሣን በሐይቅ ብቻ ሳይሆን በገንዳም ያጠናሉ፤ ጫጩቶቹም ወደ ኩሬና ወደ ሐይቅ ከመለቀቃቸው በፊት በጠባብ ውኃ ውስጥ የሚያልፉበት ጊዜ አለ። በእስጢፋኖስ ገዳም የሚታወቀው የወሎው ሐይቅ ቆሮሶ የተጨመረበት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1978 ነው። ተከዜም የሚነሣው ከዚሁ ከላስታ ተራሮች አካባቢ ነው፤ ወደ ታች ወርዶ 188 ሜትር ከፍታ ባለው ግድብ ሲታገድ ሰፊ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ሆኗል። ዓሣ ለደገኛው እንግዳ ምግብ ሆኖ እንዳይቀር የሚያደርግ ዕውቀት ከዚህ ትንሽ ገንዳ ሊጀምር ይችላል።

ጫጩት ዓሣ ከሰበታ ወደ ላሊበላ በመኪና ይምጣ ቢባል እንኳ የአየር ግፊት ትምህርት በመንገድ ላይ ይፈትነናል። ጫጩቶቹ የሚጓዙት ውኃና ኦክሲጅን በተሞላ የፕላስቲክ ከረጢት ነው። መኪናው ከ3,000 ሜትር በላይ ወደሆነው ወደ ጣርማ በር ሲወጣ የውጭው ግፊት ስለሚቀንስ ከረጢቱ ይወጠራል፤ ወደ ቆላው ሲወርድ ይሟሽሻል፤ ወደ ጋሸና ሲወጣ እንደገና ይወጠራል። ሲነሣ ጢም ተደርጎ የታሰረ ከረጢት በዳገቱ ላይ ሊፈነዳ ይችላል። ስለዚህ ከላይ ጥቂት ላላ ተደርጎ ይታሰር።

እንግዲህ ውድ አንባቢ ሆይ፥ በመጀመሪያ ወደ ጠየቅነው ጥያቄ እንመለስ። በዚያ ክፍል ውስጥ ዓሦቹን የገደለው ፓምፑ አልነበረም፤ አየርም ጨርሶ አልታጣም ነበር። አየሩ ቀላሉን መንገድ ሲይዝ ለጥልቁ ገንዳ የሚያደርስለት ሰው ጠፋ እንጂ። ስለዚህ ዛሬ ማታ በሩን ከመቆለፍዎ በፊት ብዙ ወደሚንፈቀፈቀው ገንዳ አይመልከቱ፤ እርሱ ራሱን ችሏል። ዝቅ ብለው በጥልቁ ገንዳ ውስጥ አረፋ መኖሩን ይዩ። እዚያ ካለ በሌሎቹም አለና፥ በደኅና ይደሩ።